ስለ ፕሮባዮቲክና ሥጋ ዶሮ ጠይቁኝ

ፕሮባዮቲክ ማለት ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት የጫጩቶቹን ዕድሜ፣ የውሃውን ምንጭና የሰጣችሁትን መድኃኒት ጻፉ። «ዶሮዬ ደስ አላለኝም» ብሎ ለሚጽፍ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጫጩቶቼ 3 ቀናቸው ነው፤ የቧንቧ ውሃ ነው የምጠቀመው፤ መድኃኒት አልሰጠሁም። ፕሮባዮቲክ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ዘግይተሃል፣ ግን ዛሬውኑ ጀምር። እናቷ ሥር የተፈለፈለች ጫጩት ኩስ እየለቀመች ባክቴሪያዋን ከእናቷ ትወርሳለች። ከማሽን የወጣችው ግን አንጀቷ ባዶ ቤት ነው፤ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ የጤነኛ አዋቂ ዶሮ የአንጀት ይዘት ሲሰጣቸው ጫጩቶቹ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መቋቋም ቻሉ።

አሁን ወደ ውሃው። ላክቶባሲለስን (በፕሮባዮቲክ ውስጥ የተለመደ ባክቴሪያ ነው) ክሎሪን ባለበት ውሃ ስትበጠብጥ ገዝተህ እየገደልከው ነው። ክሎሪኑን እንዲያከሽፍልህ፣ ለፈንግል ክትባት እንደሚደረገው በሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት አሟሟ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ከዚያ ፕሮባዮቲኩን ጨምር። በጥቂት ሰዓት የሚጨርሱትን ብቻ በጥብጥ። የተረፈውን ድፋ፣ መስመሩንም እጠብ። ወተት ያደረበትን ቱቦ ውስጡን በጣትህ ዳስሰው፤ የሚያሟልጭ ልጋግ ታገኛለህ። መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች የሚባዙት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ አብሬ ብሰጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። መድኃኒቱን ጨርስ፣ ከዚያ ጀምር።

ጥያቄ፦ የ4 ሳምንት ናቸው፣ ኩሳቸው ደም አለው። የቱን ፕሮባዮቲክ ልግዛ?

መልስ፦ የቱንም። ኮክሲዲያ ይመስላል፤ እሱ ደግሞ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። ዛሬ ሐኪም ይይልህ፣ የረጠበውን ጉዝጓዝ አውጣ።

አባል፦ ይህን ሁሉ ከመግዛት እርጎ አይበቃም? እኔ ሁሌ እሰጣለሁ።

ሌላ አባል፦ እኔም ሰጥቼ ጉዝጓዙ ጭቃ ሆነብኝ።

አባል፦ አብዝተህ ነዋ! በልክ ስጥ።

ሌላ አባል፦ «በልክ» ስንት ነው? ንገረና!

መልስ፦ እናንተ ሰዎች! ዶሮ የወተት ስኳርን በደንብ አትፈጭም፤ ሲበዛ ያስቀምጣታል። እርጎው ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለም አታውቁም። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ መኖው ላይ የተቀላቀለውስ? የኔ እንክብል መኖ ነው።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እንክብል ሲሠራ ሙቀቱ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ላክቶባሲለስ እዚያው ያልቃል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው ባክቴሪያ ግን ስፖር (ሙቀት የሚችል ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቅልፋም ቅርጽ) ሆኖ ይተርፋል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ የባክቴሪያውን ሙሉ ስም፣ በግራም ስንት ሕያው እንዳለና የማብቂያ ቀኑን አንብብ። «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ብቻ ከተጻፈበት መልሰህ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ክብደት ይጨምራል ወይ?

መልስ፦ አንዳንዴ። አየር በማይገባበት ቤት ግን ጭማሪ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በቧንቧ ውሃ መበጥበጥ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ አለ።

ጥያቄ፦ አንብቤዋለሁ ዶክተር፤ የወተት ዱቄት አላገኘሁም።

መልስ፦ እንዲህ ብለህ ጠይቅ እንጂ! አፈ ሰፊ በርሜል ውስጥ ክፍቱን አሳድረው፤ አብዛኛው ክሎሪን ይተናል። የከተማው ውሃ በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) የሚታከም ከሆነ ግን ቢያድርም አይለቅም። አስቀድመህ ውሃ አቅራቢውን ጠይቅ።