ያገለገለ መኪና በኢንተርኔት ስለ መግዛት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳስብ፦ መኪናውን በአካል ሳታዩ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ቀብድ አትላኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በማስታወቂያ ያየሁት መኪና ዋጋው ከመሰሎቹ በግማሽ ያህል ያንሳል። ሻጩ ለሥራ ውጭ አገር እንደሚገኝ፣ መኪናውን በአጓጓዥ እንደሚልክልኝና እስክረከበው ድረስ ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እጅ እንደሚቆይ ነግሮኛል። አስተማማኝ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ገንዘብ በአደራ የሚይዙ እውነተኛ ድርጅቶች መኖራቸው አይካድም፤ እርስዎ የገቡበት ገጽ ግን ሻጩ ራሱ በላከው ማስፈንጠሪያ የተከፈተ ከሆነ፣ አደራ ተቀባዩም ሻጩ ነው ብለው ይያዙ። የመኪናውን ፎቶዎች በምስል መፈለጊያ ያስገቧቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሰው የቆየ ማስታወቂያ ላይ የተወሰዱ ሆነው ይገኛሉ። ውጭ አገር ያለ ሻጭ፣ የረከሰ ዋጋና ያልታየ መኪና አንድ ላይ ሲመጡ እኔ ወደ ዝርዝሩ አልገባም።

ጥያቄ፦ ሻጩ የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶ ልኮልኛል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ከ1981 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር (የሻንሲ ቁጥር የምንለው) ይሰጠዋል፤ ሌሎች አገሮችም በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለዋል። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ የሰፈረበት ሰነድ ካያችሁ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ አለዚያም ሰነዱ የተፈበረከ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አምራቹን ያመለክታሉ። በሰሜን አሜሪካ ደንብ በተሠሩት ላይ ደግሞ 10ኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤ 2010ን፣ ጄ 2018ን፣ ኤል 2020ን ያመለክታል። 9ኛው ከቀሩት 16 በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ በመሆኑ፣ ከቁጥሩ መሐል አንዷን ፊደል ብቻ የለወጠ አጭበርባሪ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ቁጥሩ ትክክለኛ መሆኑ ግን የዚያው መኪና መሆኑን አያሳይም። የተሰረቀ መኪና ላይ የሌላ ተመሳሳይ መኪና ሕጋዊ ቁጥር የሚለጥፉ አሉና። በፊት መስታወቱ ግርጌ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውንና በላሜራው ላይ የተቀረጸውን አስተያዩ። የተቀረጸውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ዙሪያው የተሞረደ፣ ቀለሙ ከአካባቢው የሚለይ፣ የፊደሎቹም ጥልቀት ወጣ ገባ የሚል ከሆነ አትግዙት። በፎቶ ይህ ሁሉ አይታይም።

ተሳታፊ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች እኮ 17 የላቸውም፤ በመሐሉ ሰረዝ ያለበት አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው።

ሌላ ተሳታፊ፦ ለአውሮፓ የተሠሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ 9ኛውን ለማረጋገጫ አይጠቀሙበትም። ስሌቱ አልገጠመም ተብሎ ደህና መኪና ሊቀር ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው፤ «በሰሜን አሜሪካ ደንብ» ያልኩትም ለዚሁ ነው። ቁጥሩ ያጠረም ይሁን የረዘመ፣ በመኪናው ላይ ያለውና በሊብሬው ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው።

ጥያቄ፦ ኪሎ ሜትሩ መቀነሱን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በዲጂታል የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ላይ ያለው አኃዝ በመሣሪያ ይለወጣል። በብዙ መኪኖች ግን የተጓዘው ርቀት በሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችም ስለሚመዘገብ፣ ዕቃው ያለው ባለሙያ ልዩነቱን ሊያገኘው ይችላል። እናንተ ደግሞ ፔዳሉን፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን መቀመጫ ጠርዝ እዩ። በጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ በሚጀምረው ኮድ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 3519 ማለት የ2019 35ኛው ሳምንት ነው። መኪናው ብዙ አልተነዳም እየተባለ ጎማዎቹ ከተለወጡ፣ ምክንያቱን ጠይቁ።

ተሳታፊ፦ ከግለሰብ ከመግዛት በደላላ መግዛት ይሻላል፤ ቢያንስ የምትይዘው ሰው አለ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ደላላው ኮሚሽኑን ከወሰደ በኋላ ስልክ ሲያነሳ አይተሃል?

መልስ፦ እናንተ ክርክራችሁን ቀጥሉ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ግን ደላላም ቢኖር እናንተው እዩት።

ጥያቄ፦ አንድ መኪና አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው ይላሉ?

መልስ፦ የትኛው መኪና? ሞዴሉ ምንድን ነው? ሊብሬውን አይተዋል? ወንድሜ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሌላ ገዢ እየመጣ ስለሆነ ለመያዣ ትንሽ ቀብድ ላኪ ይለኛል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። ሌላው ገዢ ይግዛው።

ጥያቄ፦ ጎርፍ የገባበትን መኪና መለየት ይቻላል?

መልስ፦ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡት፤ ምንጣፍ የሚያጥቡ ሰዎች የቀበቶውን ጫፍ ስለሚረሱት የውኃው መስመር ወይም ደለል እዚያ ይቀራል። የመቀመጫው ሐዲድና ብሎኖቹ መዛጋቸውንም በእጅ ባትሪ እዩ። አዲስ የሽቶ ጠረን የበዛበትን መኪና እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ አይበራም፤ ይህ በቂ ነው?

መልስ፦ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ በመሣሪያ ከተደመሰሰ መብራቱ ለጊዜው ይጠፋል። ነገር ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች ተመልሰው እስኪያልቁ መነዳት ያስፈልገዋል፤ ሻጩ ትናንት አጥፍቶት ከሆነ በመመርመሪያው ላይ «አልተጠናቀቀም» የሚል ይወጣል። መካኒካችሁ ኮድ ከማንበቡ በፊት ይህን ይይ።

ጥያቄ፦ ስለ ኢንሹራንስስ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የኢንሹራንስ ሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው። ሻጩ «ባለቤቱ ወንድሜ ነው፣ ውክልና አለኝ» ይላል።

መልስ፦ ውክልናውን የሰጠው ሰው በሕይወት መኖሩን፣ ውክልናው አለመሻሩንና መሸጥን ጭምር የሚፈቅድ መሆኑን ሰነዱን ካረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ባለቤቱንም በስልክ አግኙት፤ ቁጥሩን ግን ከሻጩ አትቀበሉ።