እጀታው ዜሮ ላይ ሆኖ ድራይቩ ከፊት ማርሽ አልወጣ ሲል

ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሜርክሩዘር አልፋ ዋን ድራይቭ (ከጀልባዋ ኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ኃይል ወደ ፕሮፔለሩ የሚያደርስ ክፍል) ያላት ባለ 19 ጫማ ያገለገለች ጀልባ እንደገዙ፣ ባለፈው ቅዳሜ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ሳሉ ማርሹ በፊት ላይ ተይዞ እንደቀረ፣ የማርሽ መቀየሪያ እጀታውን ወደ ዜሮ ቢመልሱትም ፕሮፔለሩ መዞሩን እንዳላቆመ ጽፈዋል። ከዚያ በፊትም ለሁለት ሳምንት ያህል ማርሽ ለማውጣት በሞከሩ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋብዎ ነበር። ያሳዩት ጋራዥ ደግሞ የድራይቩ የታችኛው ክፍል እንዳለ መቀየር አለበት ብሎዎታል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና መካኒክ ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ተመሳሳይ ድራይቭ ያላትን ጀልባዬን ከ10 ዓመት በላይ ራሴ ጠግኛለሁ፣ ይህ ችግርም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ከጻፉት ምልክት ተነስቼ ስገምት ጥፋቱ ከማርሹ ጥርሶች ይልቅ እጀታውን ከማርሹ ጋር በሚያገናኘው ኬብል ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳይፈትሹ ለአዲስ ድራይቭ ገንዘብ እንዳይከፍሉ እለምንዎታለሁ።

ከጥገናው በፊት ግን ስለ አደጋው ልናገር። ከዓመታት በፊት የእኔ ጀልባ ማርሽ በያዘች ቀን ሞተሩን አጥፍቼ፣ እጀታውን ዜሮ ላይ አድርጌ፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መስሎኝ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ እንደተነሳ ጀልባዋ ወደፊት ተስፈንጥራ የመቆሚያውን ምሰሶ መታች፤ የፊት ወንበር ላይ የነበረው የእህቴ ልጅም ግንባሩን ተጎዳ። በዚያ ሰዓት ከፊታችን የሚዋኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ይዘገንነኛል። ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንዳይነሳ የሚከለክለው ማብሪያ የሚገኘው እጀታው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ የሚያውቀው እጀታው የት እንዳለ ብቻ ነው እንጂ ድራይቩ ውስጥ ያለው ማርሽ የት እንደቀረ አያውቅም። በእጀታውና በማርሹ መካከል ያለው ኬብል ከተበጠሰ ወይም ከተያዘ እጀታው የሚነግርዎ እጅዎ ያዘዘውን እንጂ ድራይቩ የፈጸመውን አይደለም። ስለሆነም ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ጀልባዋ ውኃ ላይ ሳለች ሞተሩን አያስነሱ። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር መሐል ውኃ ላይ ቢደርስብዎ፣ ወደ መቆሚያው ከመድረስዎ ብዙ አስቀድመው ሞተሩን በቁልፉ ያጥፉና መልሕቅ ጥለው በጀልባ ሬዲዮ የአደጋ ጊዜ መጥሪያ በሆነው ቻናል 16 እርዳታ ይጠይቁ፤ ማርሽ ያልወጣለት ጀልባ በገዛ ጉልበቱ መቆሚያ አይጠጋም። ጀልባዎ የሞተር ማጥፊያ ገመድ ካላትም ከሰውነትዎ ጋር ያስሩት፤ ከ26 ጫማ በታች ለሆኑ ጀልባዎች በፍጥነት ሲጓዙ ይህን ገመድ ማሰር ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው ጥፋቱን ለማግኘት ግማሽ መንገድ ሄዷል። በአልፋ ዋን ድራይቭ ማርሽ የሚገባውና የሚወጣው ከታች፣ ፕሮፔለሩ የተሰካበት ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ የፊትና የኋላ ማርሾች ሁልጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ጥርስ ያለው ተንሸራታች ክላች አለ፤ ይህ ክላች ወደ አንዱ ሲጠጋ ከዚያ ማርሽ ጋር ይያያዛል፣ መሐል ሲቆም ዜሮ ይሆናል። እንደ መኪና ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ የሚይዝ ነገር አይደለም፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚነካከስ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሚሠሩት ጀልባዎች ከኋላቸው የሚንጠለጠሉት ሞተሮችም በዚሁ መንገድ ነው ማርሽ የሚቀይሩት። ጥርሶቹ ኃይል ተሸክመው ሳለ እርስ በርስ ተጨናንቀው ስለሚቆዩ መለያየት ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህም ሞተሩ አጠገብ፣ ኬብሎቹ በሚገናኙበት ሳህን ላይ፣ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ተገጥማለች። ማርሽ ለማውጣት ሲስቡ ኬብሉ ላይ የሚፈጠረው ጫና ይህችን ማብሪያ ይጫናታል፤ እርሷም የካንዴላውን እሳት ለቅጽበት ትቆርጣለች፤ ሞተሩ ለአፍታ ሲዳከም ጥርሶቹ ይላቀቃሉ፣ ወዲያውም እሳቱ ይመለሳል።

የእርስዎ ሞተር ለሁለት ሳምንት ያህል ሲጠፋ የነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ወደ ድራይቩ የሚወርደው ኬብል ሲደርቅና ሲከብድ ማብሪያዋ ለቅጽበት ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ተጭና ትቆያለች፤ እሳቱም ሳይመለስ ሞተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ማብሪያዋን ይወቅሳትና ሽቦዋን ይነቅላል። እባክዎ ይህን አያድርጉ፤ ሽቦዋ ከተነቀለ ጥርሶቹ በሙሉ ኃይል ስለሚላቀቁ ጫፋቸው እየተሸረፈ ይሄዳል፣ ያኔ ጋራዡ የተናገረው ወጪ እውነት ይሆናል።

ለምርመራው ጀልባዋን ተጎታቿ ላይ ያውጡ፤ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ፣ የባትሪውንም ገመድ ይፍቱ። በመጀመሪያ ፕሮፔለሩን በእጅ ያዙሩት። በዜሮ ማርሽ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ በነፃ ይዞራል። በፊት ማርሽ ላይ ከሆነ፣ ከኋላ ቆመው ሲያዩት በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ እየተንቋቋ ይዞራል፣ በተቃራኒው ግን አይንቀሳቀስም፤ ይህን የምለው በተለመደው አቅጣጫ ለሚዞር ፕሮፔለር ነው። በኋላ ማርሽ ላይ በሁለቱም በኩል ይቆለፋል። ይህ ቀላል ሙከራ ማርሹ በትክክል የት እንዳለ ይነግርዎታል፤ እጀታውን ከማመን በእጅጉ ይሻላል።

ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ይሂዱ። ሳህኑ ላይ ሁለት ኬብሎች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከእጀታው የሚመጣ ነው፣ ሌላው በጀልባዋ የኋላ ግድግዳ አልፎ ወደ ድራይቩ ይወርዳል። ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ ኬብሎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን የነሐስ በርሜሎችም አያዙሯቸው፣ ልኩ የተያዘው በእነርሱ ነውና። ከዚያ ከእጀታው የሚመጣውን ኬብል ብቻ ይፍቱና እጀታውን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት። ከኬብሉ ጋር ተያይዞም ቢሆን በቀላሉ ከሄደ ያኛው ወገን ንጹሕ ነው። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ ከላይ፣ በእጀታው ወይም በእርሱ ኬብል ላይ ነው፤ ይህ ከሁሉም የሚቀልለውና የሚረክሰው ጥገና ነው። በመቀጠል በሳህኑ ላይ የቀረውን ክንድ በእጅዎ ይግፉት፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ፕሮፔለሩን ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ያዙርልዎ። የቆሙ ጥርሶች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የተያዙ ስለሚመስሉ፣ ያለ ፕሮፔለሩ እገዛ የሚደረግ ሙከራ ያሳስታል። ፕሮፔለሩ እየዞረ ሳለም ክንዱ አልንቀሳቀስ ካለ ጥፋቱ በታችኛው ኬብል ወይም በድራይቩ ውስጥ ነው ማለት ነው። በጉልበት ወይም በመዶሻ አያስገድዱት።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ድራይቩን ማውጣት ያስፈልጋል። አልፋ ዋን የሚወጣው በፊት ማርሽ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ የእርስዎ በዚያ ላይ መያዙ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። የሚያነሱትንና የሚያወርዱትን ሁለቱን የዘይት ክንዶች ከኋላቸው ይፍቱ፣ ከዚያ ድራይቩን የያዙትን ስድስት ዳዶዎች ያውልቁና በረዳት ታግዘው ወደኋላ ይሳቡት፤ ለአንድ ሰው ብቻውን ከባድ ነው። ድራይቩ ከወጣ በኋላ በቀዳዳው ውስጥ የሚታየውን የታችኛውን ኬብል ጫፍ ይያዙና ይግፉት፣ ይሳቡት። በጣት ጉልበት ያለ ማንገራገር መሄድ አለበት። የሚያንቀራጭጭ፣ መሐል ላይ የሚቆም ወይም ዝገት የሚያወጣ ከሆነ ጥፋቱን አግኝተውታል። ኬብሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በድራይቩ ፊት ያለውን የማርሽ ዘንግ በእጅ ይሞክሩት፣ እዚህም ፕሮፔለሩን እያዞሩ። ዘንጉ ከተያዘ ወይ ጨውማ ውኃ ማሰሪያውን አዝጎታል፣ ወይ ከታች ክላቹ ተጎድቷል፤ ያኔ የጋራዡ ፍርድ ልክ ሊሆን ይችላል። የካምቢዮ ዘይቱን አፍስሰው የብረት ስባሪ መኖሩን ይመልከቱ፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል።

በእኔ ጀልባ ሁለቱንም ጊዜ የተገኘው የታችኛው ኬብል ነበር፤ የመጀመሪያው ጊዜ ያረጀ ስለነበር፣ ሁለተኛው ግን በራሴ ስንፍና የመጣ ነው። ኬብሉ ከጀልባዋ ወደ ድራይቩ ሲያልፍ እንደ አኮርዲዮን በተጣጠፈ ትንሽ ላስቲክ ተሸፍኖ ነው። አዲሱን ኬብል ስገጥም ላስቲኩን ደህና ነው ብዬ አሮጌውን መለስኩት፤ በሦስተኛው ክረምት ተሰንጥቆ ውኃ አስገባ፣ ኬብሉም ከውስጥ ዛገ። ከሞተሩ በኩል ባለው የኬብሉ ጫፍ ውኃ ጠብ ጠብ ማለቱን አይቼው ነበር፤ የዝናብ ርጥበት መስሎኝ አለፍኩት። ከላስቲኩ ስንጥቅ የሚገባው ውኃ ማርሽ ማስቸገር ብቻ ሳይሆን መቆሚያ ላይ የታሰረን ጀልባ ቀስ በቀስ ሊያሰጥምም ይችላል። ስለዚህ ድራይቩ አንዴ ከወጣ ኬብሉንና ላስቲኮቹን በሙሉ አብረው ይቀይሩ፤ የላስቲኩ ዋጋ ከድካምዎ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሲመልሱት ስድስቱን ዳዶዎች በ50 ጫማ ፓውንድ፣ ማለትም በ68 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ማሸጊያውንም አዲስ ያድርጉ። የኬብሎቹን ልክ በግምት ሳይሆን ለሞተርዎ በተዘጋጀው የጥገና መመሪያ ያስተካክሉ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚዞርበት ፍጥነትም በደቂቃ ከ600 እስከ 700 አካባቢ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ሲበልጥ ደህና ኬብል ያለው ድራይቭም ማርሽ ለማውጣት ያስቸግራል። ሞተሩን ተጎታች ላይ ሲሞክሩ የማቀዝቀዣ ውኃ በቱቦ ሳያገናኙ አያስነሱት፤ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ያለው ድራይቩ ውስጥ ስለሆነ በደረቁ ከሠራ የፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል። ከፕሮፔለሩ አጠገብም ማንም እንዳይቆም። ውኃ ላይ የሚያደርጉትን የመጀመሪያ ሙከራ ጀልባዋ ከፊትም ከኋላም በገመድ ታስራ ሳለ ያድርጉት፤ ማርሽ ሲያስገቡም ሲያወጡም ሳያመነቱ በአንድ ጊዜ ይሁን፣ እያንገራገሩ ማስገባት የጥርሶቹን ጫፍ ይበላልና።

ሳህኑ ላይ ያለውን ኬብል ፈትተው የትኛው ወገን እንደከበደ ሲያዩ ይጻፉልኝ። ክብደቱ ከታች በኩል ሆኖ ድራይቩን ለማውጣት ረዳት ካጡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝና መሣሪያዎቼን ይዤ እመጣለሁ።