«አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው» ላልሽኝ ልጅ

ደብዳቤሽን ማክሰኞ ማታ አነበብኩት። ረቡዕ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ደግሜ አነበብኩት። ለአንድ ሰው ይህን ያህል ረጅም መልስ አልጽፍም፤ ያንቺ ጉዳይ ግን ቁስሌን ነካው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ልጅቷ 21 ዓመቷ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) 60 ክሬዲት ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራለች። የምትማረው አካውንቲንግ ነው። አሁን የዲዝኒ የኮሌጅ ፕሮግራም ተቀብሏታል፤ ከኦገስት እስከ ጃንዋሪ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ እየኖረች መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ «አሜሪካ ያመጣሁሽ ለሚኪ ማውስ እንድታጎበድጂ ነው?» ብለዋታል። አባቷ በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ላይ ምርቃት እንዳለ ለዘመድ አዝማድ ተናግረው ጨርሰዋል። እሷ ደግሞ እንዲህ ትለኛለች፦ «ጋሼ፣ አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ደርሼ መጥቼ በሰዓቱ መመረቅ አልችልም?»

እኔን የያዘችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

ልጄ፣ የራስሽን ኮርሶች እንቁጠር። ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ አንድን አሁን እየወሰድሽ ነው። ሁለተኛው ክፍል እናንተ ጋ የሚሰጠው በፎል (ከኦገስት በሚጀምረው ሴሚስተር) ብቻ እንደሆነ ራስሽ ጽፈሻል። ኦዲቲንግ ለመግባት ሁለተኛውን መጨረስ አለብሽ፤ ኦዲቲንግ ደግሞ በስፕሪንግ (ከጃንዋሪ በሚጀምረው) ብቻ ነው። እንግዲህ ፎሉን ኦርላንዶ ከሆንሽ ያ ክፍል አመለጠሽ ማለት ነው። ጃንዋሪ ላይ ትመለሻለሽ፤ ስፕሪንግ ይጀመራል፤ ዋናውን ትምህርት ግን መቀጠል አትችይም። ሁለት ሦስት ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ለቃቅመሽ ቀጣዩን ፎል ትጠብቂያለሽ። ኦዲቲንግ የምትደርሺው ከዚያ በኋላ ባለው ስፕሪንግ ነው። የአምስት ወር ሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በላ።

ይህን የዲዝኒ ሰው አይነግርሽም፤ ሥራውም አይደለም። አድቫይዘርሽ ግን ሊነግርሽ ይገባ ነበር።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። በሰዓቱ መመረቁ ያለ ዲዝኒም አጠራጣሪ ነው። 60 ይዘሽ ገባሽ። ባለፈው ፎል 12 ወሰድሽ፣ አሁንም 12። ሜይ ላይ 84 ይሆናል። ለዲግሪው 120 ያስፈልጋል፤ 36 ቀረሽ ማለት ነው። በ12 በ12 ከሄድሽ ሦስት ሴሚስተር ነው። የአባትሽ የሜይ ድግስ ቀድሞውኑ አልፏል፤ ማንም ቁጭ ብሎ ስላልደመረው ነው። ፋይናንሺያል ኤይድ (የተማሪ የገንዘብ ድጋፍ) 12 ክሬዲትን «ሙሉ ጊዜ» ስለሚለው ስንት ልጅ ይሸወዳል! ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆንና በአራት ዓመት መጨረስ ይለያያሉ። ለሁለተኛው በየሴሚስተሩ 15 ያስፈልጋል።

ለምን 12 ብቻ እንደምትወስጂ ደግሞ በደብዳቤሽ መጨረሻ፣ እንደዋዛ ጣል አድርገሽዋል። ኤርፖርት ውስጥ ያለ ቡና ቤት በሳምንት 28 ሰዓት ትሠሪያለሽ። በወር 700 ዶላር ለቤቱ ብድር (ሞርጌጅ) ትሰጫለሽ። እዚህ ላይ ወላጆችሽ ቢቀየሙኝም ልናገር። በአንድ አፍ «በሰዓቱ ተመረቂ» እያሉ በሌላው እጅ ሰዓቱን መውሰድ አይሆንም። ልጅ ቤተሰቧን መርዳቷ ነውር አይደለም፤ እኔም ረድቻለሁ። ግን 700 ዶላሩ ስንት ክሬዲት እንደሚያስከፍልሽ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነገር። ዲዝኒ ላይ የሚጮኹትን ያህል እዚያም ላይ ይጩኹ።

የእናትሽን ነገር በአንድ መስመር ልለፈው። ሆቴል አልጋ እያነጠፉ እንዳሳደጉሽ ጽፈሻል፤ ታዲያ ፖፕኮርን መሸጥ ከየት መጥቶ ነው ውርደት የሆነው?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አምስት ሺህ ዶላር አጠራቅሜ እመለሳለሁ ብለሻል። በሰዓት 18 ዶላር እንዳሉሽ ጽፈሻል። ጥሩ፤ የ30 ሰዓት ሳምንት እንውሰድ፣ 540 ዶላር። የማደሪያው ኪራይ በየሳምንቱ ከቼክሽ ላይ ይቆረጣል፤ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ፍሎሪዳ የስቴት የገቢ ግብር የላትም፤ ሶሻል ሴኩሪቲና የፌዴራሉ ግን አይቀሩም። ምግብ ስትጨምሪበት በእጅሽ የሚቀረው 160 ዶላር አካባቢ ነው። 700ው የወር ግዴታ በሳምንት ሲመታ ደግሞ ስንት ነው? 160 ዶላር አካባቢ። አምስት ሺው የት አለ? የገና ሰሞን ሰዓቱ ይበዛል፣ እውነት ነው። ግን በዚያ ተስፋ ዕቅድ አይወጣም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ስለ ሎንሽ (ስለ ትምህርት ብድርሽ) የጻፍሽው ነው። የፌዴራል ሎን ትምህርት ስታቋርጪ የ6 ወር እፎይታ ይሰጣል። አንቺ ከኦገስት ጀምረሽ ቆጥረሽ «ጃንዋሪ ስመለስ ገና አላለቀም» ብለሻል። አይደለም! በሰመር ካልተማርሽ፣ በፎልም ካልተመዘገብሽ፣ ትምህርት ቤቱ የወጣችው መቼ ነው ሲባል የሚጽፈው ስፕሪንግ ያለቀበትን ቀን ነው። ቆጠራው ከሜይ ይጀምራል። ኖቬምበር ላይ ያልቃል። ሂሳቡ የሚመጣው የታንክስጊቪንግ ሰሞን፣ አንቺ ዩኒፎርም ለብሰሽ ሰልፍ ስታስተናግጂ ነው። ያ 6 ወር አንዴ ካለቀ ደግሞ ለዚያ ሎን ሁለተኛ የለም። ስትመለሺ ክፍያው ይቆምልሻል፤ ስትመረቂ ግን ሥራ አገኘሽም አላገኘሽም ወዲያው ይጀምራል። ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ለማቋረጥ የፈቃድ ደብዳቤ ስለያዝሽ ይህ ይቀራል ብለሽ አትተኚ። ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ በአካል ሄደሽ ጠይቂ።

መላ የለውም ማለቴ አይደለም። በፎል ቢያንስ ግማሽ ጊዜ ተማሪ ከሆንሽ፣ ብዙ ቦታ 6 ክሬዲት ማለት ነው፣ ቆጠራው አይጀምርም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ራሱን ፕሮግራሙን እንደ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) መዝግበው ክሬዲት ይሰጣሉ። የሚሰጡሽ ክሬዲት ግን አንቺ የጎደለሽ ዓይነት መሆኑን እይ። ኢሌክቲቭ ኢንተርሚዲየት ሁለትን አይተካም፤ የክሬዲቱንም ክፍያ የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ስድስቱን ኦንላይን እወስዳለሁ ላልሽው፦ ፕሮግራሙ ማታም፣ ቅዳሜና እሁድም፣ በዓልም እንድትሠሪ ነው የሚቀጥርሽ። ማታ ርችቱ ተተኩሶ፣ ሕዝቡ ወጥቶ፣ አንቺ መደብሩን አስተካክለሽ፣ አውቶቡስ ጠብቀሽ ማደሪያሽ ስትደርሺ እኩለ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ሰዓት ላፕቶፕ የሚከፍቱ ልጆች አሉ። አንቺ ከነሱ አንዷ ነሽ ወይ? በሐቀኝነት መልሺው፣ ለኔ ሳይሆን ለራስሽ።

እኔም «አንድ ሴሚስተር ብቻ» ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዲሲ መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ። አባቴ አዲስ አበባ ታመሙ፤ ሁለት ሺፍት ያዝኩ። መጽሐፌን ይዤ ነበር የምገባው፤ መኪና ሲቀንስ አነባለሁ ብዬ። ያ «አንድ ሴሚስተር» ስድስት ዓመት ሆነ። ማንም አላባረረኝም፤ የትምህርት ቤቱ በር አልተዘጋም። በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣ ቼክ መልመድ ነው የያዘኝ። መጽሐፉ አሁንም ቤቴ አለ፤ የማቆሚያው ቲኬት ምዕራፍ ሰባት ላይ እንደተሰካ ነው። ስለዚህ የኔ ሚዛን ትንሽ ያጋደለ ነው፤ ይህን አውቀሽ ስሚኝ።

ሌላም አለ። አካውንቲንግ የምትማር ልጅ ፎልን መዝለል በሰላሙ ጊዜም አይመከርም። ትላልቆቹ የሂሳብ ድርጅቶች ዴሎይትም ኬፒኤምጂም፣ ከነሱ ያነሱትም፣ ካምፓስ መጥተው ተማሪ የሚያነጋግሩት በአብዛኛው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። የሚቀጥለው ሰመር ኢንተርንሺፕ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ያኔ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ሆቴል ማኔጅመንት ብትማሪ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ «ሻንጣሽን ዝጊ» እልሽ ነበር። ለዚያ ሙያ ዲዝኒ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ፕሮግራሙን እያጣጣልኩ አይደለም። ከ1981 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ብዙ ልጅ ራሱን ችሎ መኖር የጀመረው እዚያ ነው። ያንቺም ጉጉት ከሚኪ ማውስ ይልቅ የራስሽ ክፍል ቁልፍ ይመስለኛል። ያ ደግሞ ደህና ምክንያት ነው። ግን ማርች 2020 ላይ ኮቪድ ሲመጣ ፕሮግራሙ ተቋርጦ ልጆቹ በቀናት ውስጥ ማደሪያውን ለቀዋል፤ እንደገና የተጀመረው በ2021 ነው። እነሱ ሲያቋርጡ ሴሚስተርሽን አይመልሱልሽም።

የጾም ምግብ ላልሽው፣ ኦርላንዶ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። መኪና የለኝም ላልሽው፣ ለተማሪዎቹ አውቶቡስ አለ። የአክስቴ ልጅ ቀድማኝ ትመረቃለች ላልሽው፣ እሱ ለመልስ አይበቃም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽኝ፦ ሰመሩን እዚሁ ሆነሽ 6 ክሬዲት ውሰጂ፤ ፎል 15፣ ስፕሪንግ 15። 36 ሞላ፤ አባትሽም ከሰው ፊት አያፍሩም። ሰመሩን ርካሽ ነው ብለሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከመውሰድሽ በፊት ግን ጠይቂ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚቀበለው ክሬዲት ጣሪያ አለው፤ አንቺ 60 ተጠቅመሻል። ይህ እንዲሆን 28ቱ ሰዓት ወደ 15 መውረድ አለበት፤ 700ውም አብሮት ይወርዳል። ይህን ንግግር ከወላጆችሽ ጋር ሳትጀምሪ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ዲዝኒ በቅርብ የተመረቁትንም ስለሚቀበል ከምርቃት በኋላ እንደገና ማመልከት ትችያለሽ። ያኔ ባይቀበሉኝስ? ላይቀበሉሽ ይችላሉ። አዎ፣ ይህ ይቆጫል።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር አለ። ለዲፓርትመንቱ ጻፊ፤ «ኢንተርሚዲየት ሁለት በዚህ ሰመር ይሰጣል? ካልሆነ በሰመር በሌላ ዩኒቨርሲቲ ወስጄው ይያዝልኛል?» በይ። አዎ ካሉሽ የዓመቱ መዘግየት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ያኔ ስለ ሎኑና ስለ 6ቱ ክሬዲት እንደገና እንነጋገራለን። ኢሜይሉን ዛሬ ላኪ። መልሱ እስኪመጣ ለዲዝኒም ለአባትሽም እሺ አትበያቸው።