ሲቲ ስካኑ ያላየው ጉዳት

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ባጃጅ ገጭቶት ጭንቅላቱና እግሩ ተጎዳ። ሲቲ ስካኑ ደህና ነው ተባለ፤ የሐኪሞች ቦርድም የእግሩን ጉዳት ብቻ በመቶኛ ጽፎ ሰጠን። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ያነበበውን አይዝም፤ ደረጃ ይወጣ የነበረው አሁን መጨረሻ ላይ ነው። አደጋው ከደረሰ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። መድን ድርጅቱ «ፈርሙና ገንዘባችሁን ውሰዱ» ይለናል። ምን ላድርግ? እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው አይፈርሙ። ሽማግሌ ቢላክብዎትም እንኳ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፊርማዎ ካረፈ በኋላ ስለ ልጁ ጭንቅላት መከራከር አበሳ ነው።

ሲቲ ስካን ስብራትንና የደም መፍሰስን ያሳያል እንጂ ልጁ የሰማውን ምን ያህል እንደሚይዝ አይናገርም። ያንን የሚለካው የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ነው። ባለሙያው የቃላት ዝርዝር ያነብለትና ያስደግመዋል፤ ሌላ ሥራ ሲያሠራው ቆይቶ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ የትኞቹን እንደሚያስታውስ ይጠይቀዋል። ሥዕል ያስገለብጠዋል፤ ፍጥነቱንም በሰዓት ይለካል። ሐኪሞቹን ሪፈር ያስጽፉ፤ ውጤቱ ሲመጣም ቦርዱ ጉዳቱን እንደገና እንዲያይ በጽሑፍ ያመልክቱ።

የተከሳሽ ጠበቃ የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ልንገርዎ። አብዛኞቹ መለኪያዎች የተዘጋጁት በውጭ አገር ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ልጁ በሚማርበትና በሚናገርበት ቋንቋ ይካሄድ። ቀጥሎ «ድሮም ሰነፍ ነበር» ይባላል፤ ለዚህ አፍ የሚያስይዘው ከአደጋው በፊትና በኋላ ያለው የውጤት ካርድ ነው። ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ያውጡ። ከማንኛውም ምስክር ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚያ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪን ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን (ተሽከርካሪ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን) የክፍያ ጣሪያ ስላለው፣ ከዚያ የሚተርፈው የሚጠየቀው ከባለንብረቱ ነው። በአንቀጽ 2092 መሠረት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳትም ከአሁኑ ይካሳል። ባለንብረቱ ከአንዲት ባጃጅ ሌላ ከሌለው ግን ፍርዱን ማስፈጸም ከባድ እንደሚሆን አልደብቅዎትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። አንቀጽ 2143 የካሣ ክስን በ2 ዓመት ይገድበዋል፤ የቀረዎት 8 ወር ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ቀኑ ሊራዘም ይችላል፤ እርስዎ ግን ይህን ተስፋ አድርገው አይቀመጡ። ምርመራው ቢዘገይ እንኳ ክሱን አስቀድመው ያስገቡና ልጁ በባለሙያ እንዲመረመር ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠይቁ።