ስቴት ለምትቀይሩ መምህራን፦ ፋይላችሁን ጅማ ላይ ጨርሱ

አሜሪካ ውስጥ የማስተማር ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ለብቻው ነው። ሚኒሶታ ያወጣችሁት ላይሰንስ ቴክሳስ ስትገቡ ክፍል አያስገባችሁም፤ እንደገና ማመልከት አለ። ስቴት አቋርጦ አብሯችሁ የሚሄደው ፋይላችሁ ነው። ጅማ ለተማራችሁና በዞኑ ትምህርት ቤቶች ላስተማራችሁ ደግሞ የፋይሉ ግማሽ ዛሬም ያለው ጅማ ነው። ቤተሰብ ልትጠይቁ ስትመጡ ከቡናውና ከማሩ በፊት ወረቀቱን ያዙ።

ከተቻለ በገና ሰሞን ኑ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ አይገኝም፣ ዩኒቨርሲቲውም በክረምት ተማሪዎች ይጨናነቃል። የአሜሪካ ዲስትሪክቶች (የአካባቢ ትምህርት ቤት አስተዳደሮች) ለመጪው ዓመት መምህር በብዛት የሚፈልጉት ከመጋቢት ጀምሮ ስለሆነ በጥር የተሰበሰበ ወረቀት ለዚያ ይደርሳል።

መጀመሪያ ሬጅስትራር ነው። በእጃችሁ ያለው ስቱደንት ኮፒ የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር ለሚያመዛዝኑ የግምገማ ድርጅቶች ዋጋ የለውም፤ የሚፈልጉት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። በወጪ መጋራት የተማራችሁ ከሆነ ዕዳው መከፈሉን ወይም በመምህርነት አገልግሎት መካካሱን የሚያሳይ ማስረጃ ካልቀረበ ዋናው ዲግሪም ኦፊሻሉም አይወጣም። ብዙ ሰው የሚመላለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ የአገልግሎቱን ደብዳቤ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ አስቀድማችሁ አውጡ። ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራሩ በቀጥታ ቢልከው ይመረጣል። በእጅ ከተሰጣችሁ ግን ፖስታው ታሽጎ ማኅተሙ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ማረፉን እዚያው ቆማችሁ እዩ። የግምገማ ድርጅቱ የሰጣችሁን የፋይል ቁጥር ከላይ አስጽፉ። ለማየት ብላችሁ ከከፈታችሁት አለቀለት። ቢያንስ 3 የታሸገ ፖስታ ይዛችሁ ተመለሱ።

መምጣት የማይችል ሰው ውክልናውን ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም አሜሪካ ባለ ቆንስላ በኩል ይስጥ። ጽሑፉ ላይ «ትራንስክሪፕት፣ ዲግሪና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲያወጣልኝ» የሚለው በግልጽ ይግባ፤ «ጉዳዬን ሁሉ» የሚል ጥቅል ቃል መስኮት ላይ ያስመልሳል።

ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነው፤ ደመወዛችሁን የሚወስነውም እሱ ነው። የዲስትሪክት ደመወዝ በትምህርት ደረጃና በአገልግሎት ዓመት የተደረደረ ሠንጠረዥ አለው። የጅማው 6 ዓመት ካልተቆጠረላችሁ እንደ ጀማሪ ነው የምትገቡት። አንዳንዱ ዲስትሪክት የውጭ አገር ልምድ ሙሉውን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ይገድባል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይቀበልም፤ ቅጥር ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ደብዳቤው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የክፍል ደረጃና የትምህርት ዓይነት፣ ሙሉ ሰዓት መሆኑን፣ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት መሆኑን፣ የፈራሚውን ኃላፊነትና ስልክ ይያዝ። ልትሄዱበት ያሰባችሁት ዲስትሪክት የራሱ የልምድ ማረጋገጫ ቅጽ ካለው አትማችሁ ይዛችሁ መጥታችሁ ርዕሰ መምህሩን አስሞሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሰናክላል። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ዲግሪያችሁ በእንግሊዝኛ «ጁላይ 2011» ይላል፣ የወረዳው ደብዳቤ ደግሞ «ከመስከረም 2004 እስከ ሰኔ 2009»። ፋይሉን የያዘው አሜሪካዊ ከመመረቃቸው ሰባት ዓመት በፊት ማስተማር ጀመሩ ብሎ ይዘጋዋል። ደብዳቤው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፦ መስከረም 2004 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 2011፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ማለት ጁን 2017።

ሌላው ስም ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይወጣል፤ ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምርና «ኤ»ውም «ዩ»ውም ይደረባል። ፓስፖርቷ ላይ ግን በ«ሲኤች» ጀምራ አናባቢዎቹ ነጠላ ናቸው። የቁቤውን አሜሪካዊው «ካልቱ» ብሎ ያነበዋል፤ ለእሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ባለሙያ የፓስፖርቱን አጻጻፍ አጠገቡ እንዲያስገባ፣ ከተቻለም የእንግሊዝኛ ቅጂ በዚያው ማኅተም እንዲሰጥ ለምኑ። ካልሆነ ሕጋዊ ትርጉም አሠሩ።

ግምገማው «ኮርስ በኮርስ» የሚባለው ይሁን፤ ጥቅሉ ርካሽ ነው ግን ለላይሰንስ አይበቃም። ድርጅቱን ከመምረጣችሁ በፊት የምትሄዱበት ስቴት የሚቀበላቸውን ዝርዝር እዩ። የ3 ዓመት ዲግሪ ያላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ያደርገው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠውን የመምህርነት ዲፕሎማ) የወሰዳችሁ ለብቻው ትራንስክሪፕቱን ጨምሩ፤ የማስተማር ሥነ ዘዴ ኮርሶቻችሁ ያሉት እዚያ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣችሁ ባችለር እስክትጨርሱ በፓራፕሮፌሽናልነት (በረዳት መምህርነት) መግባት ትችላላችሁ፤ የሚጠየቀው በአብዛኛው 2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ወይም ፈተና ነው።

አሁን ወደ ስቴቱ። በጊዜያዊ ላይሰንስ ላይ ያላችሁ ሙሉውን ሳታወጡ ስቴት አትልቀቁ። እ.አ.አ. በ2023 በሕግ የጸናው የስቴቶች የመምህራን ዝውውር ስምምነት ጊዜያዊና የአስቸኳይ ላይሰንስን አይጨምርም፤ ሁሉም ስቴት አባልም አይደለም። ፕራክሲስ የሚባለው የመምህራን ፈተና በብዙ ስቴቶች ይሠራል፣ ማለፊያው ነጥብ ግን ይለያያል፤ እዚህ ያለፈ ውጤት እዚያ ሊወድቅ ይችላል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ የራሳቸው ፈተና አላቸው። የጣት አሻራም አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ነው። ማመልከቻውን ከመዛወራችሁ ወራት ቀድማችሁ አስገቡ፤ «ላይሰንሴ በሂደት ላይ ነው» ብሎ ቁጥር ማሳየት የሚችል አመልካች ቀድሞ ይጠራል።

ልዩ ፍላጎት፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ማስተማር በብዙ ቦታ ሰው ይጎድላቸዋል። አማርኛና አፋን ኦሮሞ መናገራችሁን ማመልከቻው ላይ ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ልጆች በብዛት በሚማሩበት ዲስትሪክት ይቆጠራል። በቃለ መጠይቁ ፊዚክስ ማወቃችሁን ብዙም አይጠይቋችሁም። የሚጠይቁት «አንድ ተማሪ ደብተሩን አልከፍትም ቢል ምን ታደርጋለህ?» ብለው ነው። «እመክረዋለሁ» ብቻ አይበቃም፤ መጀመሪያ ቀርቤ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋግረዋለሁ፣ ሥራውን ከፋፍዬ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ለወላጅ እደውላለሁ እያላችሁ በቅደም ተከተል መልሱ።

አዲሱ ውል በጽሑፍ ሳይመጣ የድሮውን አትልቀቁ፤ ከመጣ በኋላም የመልቀቂያ ቀነ ገደቡን እዩ። ቴክሳስ ውስጥ ለምሳሌ ያለ ቅጣት መልቀቅ የሚቻለው ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን 45 ቀን በፊት ነው፤ ውል አፍርሶ የሄደ ሰው ላይሰንሱ ላይ ቅጣት ሊጻፍበት ይችላል፣ አዲሱ ስቴትም ያየዋል። ጡረታችሁንም አስሉ። የቴክሳስና የካሊፎርኒያ የመምህራን ጡረታ መብት የሚጸናው 5 ዓመት ሲሞላ ስለሆነ ጥቂት ወር የቀረው ሰው ያንን ጨርሶ ቢነሳ ይሻለዋል። የጤና ኢንሹራንሳችሁ የሚያበቃበትንና አዲሱ የሚጀምርበትን ቀን ሁለቱንም ከየሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ያዙ፤ ነሐሴ ላይ ልጆች ያለ ሽፋን የሚቀሩት በዚያ ክፍተት ነው።