የድሮ ሥዕል ማባዛት ይቻላል? ጥያቄና መልስ

የቅጂ መብት ጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁት አባላችን ዛሬ ጥያቄ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቆየ ሥዕል አለኝ። ማተም እችላለሁ?

መልስ፦ ማን ሣለው? መቼ ሞተ? የት አገር ነው የምታትመው? ይህን ካልነገርከኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕል አባዝቼ ካፌዬ ውስጥ ልሸጥ ነው። ያረፈው በ1973 ነው። 50 ዓመት ሲደመርበት 2023 ይሆናል። አልፏል አይደል?

መልስ፦ አላለፈም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገብረ ክርስቶስ ኦክላሆማ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1981። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ መብቱን ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ያንተ 2023 በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ገና አልደረሰም። የሚቆጠረው ደግሞ ከሞተበት ዓመት ነው እንጂ ከሣለበት አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ የሣሏቸው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ መስታወቶች ከተሠሩ 60 ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ግን ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ስለሆነ መብቱ እስከ 2054 ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ ሥዕሉን በገንዘቤ ብገዛውስ?

መልስ፦ የገዛኸው ሸራውን ነው። የማባዛት መብቱ ለብቻው ካልተላለፈልህ የወራሾቹ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት ቲሸርት ላይ ባትምስ?

መልስ፦ ሥዕሉ የቅጂ መብት የለበትም። ፎቶውን ግን ማን አነሣው? በእኛ ሕግ ፎቶ ራሱን ችሎ 25 ዓመት ይጠበቃል። አሜሪካ ውስጥ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ የቀዳ ፎቶ አዲስ መብት አያመጣም ብሏል። ጣሪያውን ከነድባቡ አሳምሮ ያነሣ ባለሙያ ግን በሕግ ሊጠይቅህ ይችላል። ራስህ አንሣው።

አንድ አባል፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቲሸርት ላይ? ነውር ነው!

ሌላ አባል፦ ፖስት ካርድ ላይ ሲሸጥ ኖሮ የለ እንዴ?

አንድ አባል፦ ፖስት ካርድ ለብሶ መጠጥ ቤት የሚገባ ሰው የለም።

መልስ፦ አክብሮት ሌላ፣ የቅጂ መብት ሌላ። ፎቶ ለማንሣት ደብሩን አስፈቅዱ። እዚህ ግን ስለ ሕጉ እናውራ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ለምንኖርስ? ፒካሶን ማተም ይቻላል?

መልስ፦ እሱም በ1973 ነው የሞተው፤ የእሱ ግን እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ 70 ዓመት ስለሆነ እስከ 2043 መጨረሻ አይነካም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1954 እ.ኤ.አ. ስለሞተ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራስ?

መልስ፦ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ በ1950 የተሣለ አለኝ። አሮጌ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ! ሠዓሊው የሞተበትን ዓመት ጻፍ። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ጨምርበት።