ኦ.አር.ኤስ ቢወፍር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጄን ተቅማጥ ይዞት ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ተሰጠን። ፓኬቱ «በ1 ሊትር ውሃ» ይላል፤ አማቴ ግን ቶሎ እንዲያበረታው ብለው በግማሽ ሊትር በጠበጡት። ልጁ እየጠጣ ይብሱን ውሃ ውሃ ይላል። መወፈሩ ይጎዳል? የጎደለው ውሃ ከሆነስ ጨውና ስኳሩ ምን ያደርጋል?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አዎ፣ ይጎዳል። በቅድሚያ የወፈረውን ይድፉትና አዲስ ይበጥብጡ።

አማትዎ ለክፉ አላሰቡትም። እኔም መድኃኒት ቤት ቆሜ «ጠንከር ያለ የለም?» ሳልባል የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ኦ.አር.ኤስ ግን ጉልበቱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። በአንድ ሊትር ሲበጠበጥ በውስጡ የሟሟው ነገር በሊትር 245 ሚሊሞል (የሟሟ ነገር ብዛት መለኪያ) ነው፤ የደም ደግሞ 290 ገደማ። ስለዚህ ውሃው ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ ያልፋል። በግማሽ ሊትር ሲሆን ግን 490 ይደርስና ነገሩ ይገለበጣል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የልጁም ሰውነት ውሃውን ወደ አንጀት ይለቃል። ተቅማጡ ይብሳል፤ የደሙ ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ከጤናማው ልክ፣ ማለትም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል፣ ሊያልፍ ይችላል። ያ ሁሉ ጥም የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስኳሩ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም። አንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ፤ ሁለት ሶዲየም ከአንድ ግሉኮስ ጋር ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ይህ ፕሮቲን በኮሌራ ጊዜ እንኳ ሥራውን አያቆምም። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ በዝቶ ጨዉ ያነሰ ስለሆነ አይተካውም፤ እባክዎ አይሞክሩት። ፓኬቱ ውስጥ ፖታሲየምም አለ፤ ተቅማጥ ጠርጎ ስለሚወስደው፣ ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ ሆድ ይነፋል።

ውሃውን በሃይላንድ ከለኩ «1 ሊትር» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይዩ፤ ትንሹ ጠርሙስ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊሊትር በስኒ፣ ቀስ እያሉ ያጠጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ይቀጥሉ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ነገን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በግማሽ ሊትር የተበጠበጠ መጠጣቱንም ይንገሯቸው።